የውዱእ ውሃ የጠጣች ሎሚ

ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮቱ ገባ። ወሩ ጥር ነው። በእኛ በከሚሴ ጥር ላይ የሚሸት ነገር ቢኖር አቧራ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። ጉልበቴን በእጄ ደግፌ ተነስቼ በበሩ ብቅ ስል የልጄ ሚስት ሙና ቢጫውን ጀሪካን ከሎሚዋ ግንድ ሥር ደፍታ የመጨረሻዋን ጠብታ ታራግፋለች። «እማዬ፣ ተነሱ? ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ባየው አንጀቴን በላችው። ጠምቷታል እኮ» አለችኝ። ሙና ከደሴ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ገና ብዙ አልሆናትም። ሸጋ ልጅ ናት። ቧንቧችን በፈለገው ቀን መጥቶ በፈለገው ሰዓት የሚሄድ ስለሆነ፣ በዚህ ሰፈር አንድ ጀሪካን ውሃ ለዛፍ የሚሰጥ ሰው ከልቡ ነው የሚሰጠው። ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው ከግንዱ ዙሪያ ተኝቶ ቀስ እያለ ሲሰርግ እያየሁ፣ ይህን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ለማስረዳት አቅሙ አለኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ደክሞኛል። ሰው ሲያረጅ የሚደክመው ሥራው አይደለም፤ ያንኑ ነገር ደግሞ መናገሩ ነው።

ያኔ፣ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ፣ ይህ ግቢ ከዛሬው ሁለት እጥፍ ይሆን ነበር። ኋላ መንገዱ ሲሰፋ ከፊት ተቆረጠ፣ ልጆቹ ቤት ሲሠሩ ከኋላ ተቆረጠ። ያኔ ግን አጥሩ የቁልቋልና የቅንጭብ ነበር፣ በሩም የቆርቆሮ። ጥጉ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረ፤ ከወፍጮው ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ካሴት ቤት። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት መንዙማ ያሰማና ከቀትሩ ሶላት ከዙሁር በኋላ የፍቅር ዘፈን ይከፍታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ ሲቃረብ ደግሞ እንደገና ወደ መንዙማው ይመለሳል። ሰዓት ያልነበረን ሴቶች ወጥ የምንጥደው በእሱ ነበር። የጎማ ጫማ የወር አስቤዛ ያህል የማይከብድበት፣ በአንድ ብር ቲማቲም ዘንቢል የሚሞላበት ዘመን ነው። ወንዶቹ ሽርጣቸውን ያገለድማሉ፣ ሴቶቹ ባለ አበባ ሻሽ ያስራሉ፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ ሎሚና ፓፓያ ይዘው የሚሮጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ትናንት ገበያ ወጥቼ የሎሚ ዋጋ ብጠይቅ ሻጯ የአንዷን ነገረችኝ። የአንዷን! ሳቄ መጣ። ያኔ ሎሚ ይታፈሳል እንጂ አይቆጠርም ነበር፣ ከእኛ ቤት ደግሞ ጨርሶ አይሸጥም ነበር።

የማይሸጥበት ምክንያት አማቴ ናት። እማማ ፋጡማ እንላታለን። ችግኟን ከጨፋ ሮቢት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ጉልበቷ ላይ ይዛ ያመጣቻት እሷ ናት። የተከለችው ግቢው መሐል አይደለም፣ አጥሩ ሥር ነው፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ መተላለፊያው እንዲወጣ ብላ። «የእኔ ሰደቃ ናት። መንገደኛም ይልቀም፣ ወፍም ይብላ፣ የጠየቀ እንዳይከለከል» ትላለች። የሚያስመልሳት እርጉዝ፣ ያተኮሰው ሕፃን፣ ከባቲ የመጣ ግመል ነጂ፣ ሁሉም ከዚያች ቅርንጫፍ በልቷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ዛፍ የተከለ ሰው ቢሞትም ምንዳው አይቋረጥም፤ ዛፉ እስካፈራ ድረስ ይጻፍለታል። ስለዚህ እማማ ፋጡማ በበልግ ማለቂያ ላይ ታማ ስትተኛ ስለ ልጆቿም ስለ ቤቷም ብዙ አልተናገረችም። ባሏን አስጠርታ «ሎሚዬን አደራ» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ባሏ፣ አማቴ አባ እንድሪስ፣ በዚያን ጊዜ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ሌላ አያይም ነበር። እኔ ከፊቱ ስሆን አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን ልጄ ሲያነበው እንዲቀርበው ብዬ አንተ እያልኩ እጽፋለሁ። ከቀብሩ ማግስት ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ፣ ሎሚዋ ሥር ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄደ። ተቀምጦ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ውዱእ አደረገ። እጁን ያጠበበት፣ ፊቱን ያጠበበት፣ እግሩን ያጠበበት ውሃ ሁሉ በግንዷ ላይ ወረደ። ሲጨርስ በቀስታ «ይድረስሽ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስቱንም ወቅት እዚያው ሆነ። ለቅሶ የመጣው ሰው አየው። ዘመድ ሁሉ፣ ጎረቤት ሁሉ፣ እማማ ፋጡማ ሎሚ የሰጠቻቸው ሁሉ፣ «እኛም ውሃችን ይድረሳት» እያሉ ሶላት ሲደርስ ከሎሚዋ ሥር ተሰለፉ። ለቅሶው ቢያልቅም ልማዱ አላለቀም። መስጊድ የሚሄድ ሰው ጎራ ብሎ እዚያ ታጥቦ ይሄዳል። የሟች ነፍስ ትርካ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ማን ምን ይላል?

እኔ በዚያን ዘመን ሦስት ልጆች ወልጄ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ፣ ከፊደል የጀመርኩ የማታ ተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ሰይድ በጭነት መኪና ሲመላለስ ወር ሙሉ ላይመጣ ይችላል። ትምህርት ቤት ልግባ ስል አልከለከለኝም፣ ግን «ልጆቹን ማን ይይዛል?» አለ። አባ እንድሪስ ነው «እኔ እይዛለሁ፣ ዓይን እንጂ እጅ አላጣሁ» ያለው። ደብተሬን ይዤ ስወጣ ትንሿን ልጄን ታቅፎ እዚያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ይህን ውለታ የምጽፈው በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ነው።

ከሎሚዋ ሌላ ያለው ግቢ የእኔ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ነገር ሁሉ በሥርዓቱ እንዲሆን የምፈልግ ሆንኩ፤ ልጆቹ በዚህ ይስቁብኛል። የፍየል ፍግ ከሰንበቴ ገበያ በጆንያ አስመጣና ክረምት ሳይገባ ከአፈር ጋር አዋህጄ አሳድረዋለሁ፤ ትኩሱን ከሰጡት ሥር ያቃጥላል። ጤና አዳም ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት። በሶብላ ከበሩ አጠገብ፣ ቀሚስ ሲነካው እንዲሸት። ቃሪያውን ከሎሚዋ ወዲያ ካለው ጥግ፣ ውሃ እንዲወርድለት በትንሹ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ። እንሶስላ ደግሞ ለዒድ፣ ለልጃገረዶቹ እጅና እግር። ፓፓያ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ፍሬ እዘራለሁ፣ ምክንያቱም ሴቷ ከወንዱ የምትለየው ስታብብ ነው። አባ እንድሪስ ድንጋዩ ላይ ሆኖ መቁጠሪያውን እየገፋ የምነቅለውን ሲሰማ ይጠይቀኛል፤

«ኢንታላ ኮ፣ ምንድን ነው የምትነቅይ?»

«ወንድ ነው አባዬ። አያፈራም።»

«ሁሉንም?»

«አንዱን ለአበባው አስቀርቻለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ፣ አንድ ተርፈናል» ይላል። ልጄ ብሎ የሚጠራኝ በኦሮምኛ ነው፣ ሲቆጣ ግን ወደ አማርኛ ይመጣል።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ የሎሚዋ ቅጠል መሐል ደም ሥሩን ይዞ ቢጫ መሆን ጀመረ። ከዚያ የጫፍ ጫፉ ደረቀ። በበልግ ግቢውን የሚያውደው አበባ ያን ዓመት ጥቂት ወጥቶ ወዲያው ረገፈ። አባ እንድሪስ ባያይም ከእግሩ ሥር የሚንኮሻኮሸውን ቅጠል ሰማ፤ እጁን ሰዶ የተራቆተውን ቅርንጫፍ ዳበሰ። «ጠምቷታል» አለ። «በረከት ያለበት ውሃ አንሷታል። ሰዉ ረስቷታል መሰል።» ይህን ያለው ታላቅ ሴት ልጁ ባለችበት ነው። እትዬ ዘሃራ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ አባቷ ከተናገረ ምድር ብትገለበጥ ታደርገዋለች። ከማግስቱ ጀምሮ ልጆቿን ጀሪካን እያስያዘች መላክ ጀመረች፣ የጀመዓውን ሴቶችም ወቀሰች። የታመመው ዛፍ ቢጫ በሆነ ቁጥር ውሃው ይጨምራል፤ ውሃው በጨመረ ቁጥር ዛፉ ቢጫ ይሆናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሸለብ ባለበት ሰዓት መኮትኮቻዬን ይዤ ግንዷ ሥር ተንበረከክሁ። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ቅርፊቷ ተሰንጥቆ እንደ ሙጫ ያለ ወርቃማ ፈሳሽ ያነባል። አፈሩን ገለጥ ሳደርግ የሸተተኝ የአፈር ሽታ አይደለም፤ ክዳን ተገጥሞ የከረመ ገንቦ ሽታ ነው። አንዲት ቀጭን ሥር በጣቴ ብይዛት ቆዳዋ ተገፍፎ እጄ ላይ ቀረ። ሎሚ እግሩ ከረጠበ የማይችል ተክል ነው። ውሃ የሚፈልገው ከግንዱ ሥር ሳይሆን ጥላው ከሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው፣ እሱም አፈሩ ደርቆ እስኪጠይቅ ተጠብቆ። ይህች ዛፍ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እግሯ ደርቆ አያውቅም። ሁላችንም በፍቅር እያሰጠምናት ነበር።

ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳት። ቀድሜ ለእሷ የነገርኩት እሷ ለአባቷ እንድትነግርልኝ ነበር። ጎንበስ ብላ ሥሩን እንኳ አላየችም።

«የአባቴ የውዱእ ውሃ መርዝ ነው ልትይ ነው?»

«ውሃው ምንም አላደረገም እትዬ። ብዛቱ ነው።»

«ብዛቱን ማን ለካልሽ? የማታ አስተማሪሽ?»

«እጅሽን ስደጂና አሽትችው።»

«እኔ የእናቴን ዛፍ አላሸትም።» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ እሺ ልክ ነሽ እንበል። ለእሱ ምን ብለሽ ልትነግሪው ነው? ሚስትህ አደራ ያለችህን በሶላትህ ገደልክ ልትይው ነው?»

የእሷም ነገር እውነት ነው፤ የእኔም ነገር እውነት ነው። ዝም ብል ዛፏ ክረምቱን አትሻገርም። ዛፏ ከሞተች የእማማ ፋጡማ ሰደቃ ተቋረጠ ማለት ነው፣ እሱም ይህን እያወቀ ይኖራል። ብነግረው ደግሞ ያ ሽማግሌ በቀን አምስት ጊዜ ከሚስቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እነሳዋለሁ። ብዙ ቀን በልቤ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ የመሰለኝን አደረግሁ፤ ድንጋዩን ሳልነካ፣ ከድንጋዩ ሥር ጀምሬ ከግንዱ ወዲህ በሚያልፍ መስመር ትንሽ ቦይ ቆፈርኩ። ውሃው ዛፏን ሳይነካ ወደ ቃሪያው መደብ እንዲወርድ። እሱ አያየውም፣ ስለዚህ አይከፋውም አልኩ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ መጣ። ተቀመጠ፣ ቢስሚላህ ብሎ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ። እንደገና ጥቂት አፈሰሰ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ሰዓዳ» አለ፤ በስሜ ሲጠራኝ ብርቅ ነው። «ውሃው ወዴት ነው የሚሄድ?»

ዓይን ለሌለው ሰው የሚሰርግ ውሃና የሚፈስ ውሃ አንድ እንዳልሆኑ እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። ልዋሸው አልፈለግሁም፤ ያን ሁሉ ምሽት ልጄን ታቅፎ የጠበቀኝን ሰው አልዋሽም። አጠገቡ ተንበርክኬ እጁን ያዝኩና ወደ ግንዱ መራሁት። ሙጫውን ዳበሰ። ያችን የተገፈፈች ሥር በጣቶቹ መሐል አሸት አሸት አደረጋት። ከዚያ ወደ አፍንጫው አቀረባት።

«በስብሷል» አለ።

«አዎ አባዬ።»

«ከውሃው ነው?»

«ከውሃው ነው። የሁላችንም ውሃ ነው፣ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም ልብስ ያለቀለቅሁበትን እዚህ ስደፋ ከርሜያለሁ።»

ካሴት ቤቱ ወደ መንዙማው ተመልሶ ነበር። የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ፋጡማ በሕይወት እያለችም አብዝቼ ነበር የምጠብቃት። ገበያ እንኳ ብቻዋን አላስኬዳትም ነበር። ተወኝ እንጂ ሰውዬ ትለኝ ነበር።» ፈገግ ያለ መሰለኝ፣ እንጃ። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ቆመ። «ድንጋዩን ወደ ቃሪያሽ ውሰጂልኝ። እኔ አልችለውም፣ ይከብዳል።»

ድንጋዩን እያንከባለልኩ ወሰድኩት። ቃሪያው መደብ ዳር ተቀምጦ ውዱኡን ከመጀመሪያው አደረገ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ «ይድረስሽ» ሊል አፉን ከፈተና ቆም አለ።

«ሰዓዳ፣ ቃሪያም ሰደቃ ይሆናል?»

«ለጠየቀ ከሰጠን ለምን አይሆንም?»

«ታዲያ ዘሃራ ስትጠይቅሽ አትከልክያት» አለና ወደ ሶላቱ ሄደ።

እኔን ያስጨነቀኝ የቀረው ሕዝብ ነበር። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እየያዝኩ ሥር ላሳይ ነው? አባ እንድሪስ ግን ለማንም ምንም አላስረዳም። ማንቆርቆሪያ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከአዲሱ ቦታው ሆኖ፣ በእግሩ ኮቴ እየለየው፣ «ወደዚህ ና፤ ሎሚዋ ጠግባለች» ይለዋል። በቃ፣ ያችኑ ብቻ። እየታጠበ ገደላት የተባለ ሰው የለም፤ ያፈረ ሰው የለም። «ጠግባለች» ሲባል ሰዉ ደስ ብሎት ምርቃቱን አውርዶ ወደ ቃሪያው ይሻገራል። ለእትዬ ዘሃራም የነገራት ይህንኑ ነው። እሷ ግን የአባቷን ፊት አየችው፤ ልጆቿን ከነጀሪካናቸው መለሰች፣ ለእኔ ደግሞ ብዙ ቀን ሰላምታ ብቻ ሆነች።

ማዳኑ ረጅም ሥራ ነበር። አፈሩን ከግንዱ ገፍቼ አንገቷን ለአየር ገለጥኩ። የበሰበሰውን ቅርፊት በቢላ እስከ ሕያው እንጨቱ ፍቄ ኖራ ቀባሁ። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ እንዳይጠጋት ዙሪያዋን እንደ ቀለበት አፈር ከመርኩ፤ ዝናብ ባባራ ቁጥር ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። ትምህርት፣ ልጆች፣ ቤት፣ ይህም ተጨምሮ ያን ክረምት እግሬ የደረቀበትን ቀን አላስታውስም። በመስከረም ወደ ቤቱ በኩል ያለው ግማሽ ጎኗ ደረቀ፣ በመጋዝ ቆረጥነው። ወደ መተላለፊያው የወጣችው የእማማ ፋጡማ ቅርንጫፍ ግን ቀረች። በሚቀጥለው በልግ እሷ ብቻ አበበች። አባ እንድሪስ ሽታውን ተከትሎ ግድግዳውን እየዳበሰ መጣ፣ አልነካትም። ራቅ ብሎ ቆሞ «ነጋ ቡልቴ?» አላት፤ ሰላም አደርሽ ወይ ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት አብሮን ኖረ። ባለቤቴ መኪናውን ትቶ ሱቅ ከፈተ፣ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ክፍል ሠራተኛ ሆንኩ፣ ካሴት ቤቱ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆነ። አባ እንድሪስ የመጨረሻውን ሳምንት ከአልጋ አልተነሳም። ልጆቹ ከበውት ሳለ እኔን አስጠራኝ። ኑዛዜ መስሏቸው ሁሉም ጠጋ አሉ።

«የመታጠቢያዬን ውሃ» አለኝ፤ ሬሳው ሲታጠብ የሚወርደውን ማለቱ ነው። «ወደ እሷ ስደዱት ይሉሻል። እሺ እንዳትይ። ወደ ቃሪያው ይሂድ። ሎሚዋ ጠግባለች።»

ሐሙስ ዕለት ሞተ። አጣቢዎቹ ሲመጡ ከቤቱ ጓሮ መጋረጃ ተጋረደ፣ ጠረጴዛው ተዘረጋ። እንዳለውም አንዱ ሽማግሌ «ውሃው ወደ ሚስቱ ሎሚ ይመራ፣ ይገናኙ» አሉ፤ ሌሎቹም «ደግ» አሉ። እኔ ሴት ነኝ፣ ያውም ምራት፤ በዚያ ሰዓት በወንዶቹ ፊት ምን ብዬ እንደምናገር ሳሰላስል ዶማ መሬት ሲመታ ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ናት። ፊቷ በዕንባ ተጥለቅልቆ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ከመጋረጃው ሥር ጀምራ ወደ ቃሪያው መደብ ቦይ ትቆፍራለች። ሽማግሌው «ምነው ልጄ፣ በዚያ ነው እኮ» ቢሏት ቀና ሳትል «እሷ ጠግባለች» አለቻቸው። ሌላ ዶማ አንስቼ ከወዲያ ጫፍ ጀመርኩላት። መሐል ላይ ተገናኘን።

አሁን አባ እንድሪስም እትዬ ዘሃራም የሉም፤ ሰይድም የለም። ቃሪያው የነበረበት ቦታ ላይ የልጄ ቤት ተሠርቶበታል፤ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ የበሩ መረገጫ ሆኗል። ሎሚዋ አርጅታለች። ዘንድሮ ቢጫ የሆነችው ከውሃ ጥማት ይሁን ከዕድሜ ገና አልቆፈርኩም፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም፣ በጣቴ ነው የምለየው። ከደፉ ላይ ተነስቼ ግንዱ ጋ ሄድኩና ጎንበስ ለማለት ሞከርኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሙና ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። በሌላኛው እጇ ሁለተኛውን ጀሪካን ይዛ ነበር።

«ይቀመጡ እማዬ፣ እኔ አጠጣታለሁ። አሁንም የጠማት ትመስላለች።»

ከእጇ ጀሪካኑን ተቀብዬ መሬት አስቀመጥኩት።

«ጠግባለች፣ ልጄ» አልኳት። «ያንን ዶማ አቀብይኝ።»